መስተዋቱ ይቅር

ጥቅምት 8 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ቢቸና

ሥራ እንደ ወትሮው። ጠዋት ቁስል ማጠብ፣ ከሰዓት መርፌ። ምሳ ላይ የግብርና ቢሮው ሾፌር ሰዓቱን ይዞ መጣ። ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሄዳል። ጀርባውን ከፈትኩት። ጤፍ! አንዲት የጤፍ ቅንጣት ጥርሶቹ መካከል ገብታ ተቀምጣለች። በወረንጦ ለቀም አደረግኳት። "እሱም ርቦት ነው፣ ሲስተር" አለኝ ሾፌሩ።

የጤና ጣቢያውን የግድግዳ ሰዓት ካስነሣሁ ወዲህ ከቁስለኛው ሰዓተኛው በልጧል። ማንም አላስተማረኝም። እየፈታሁ፣ እያበላሸሁ፣ እየገጠምኩ ነው። የቁስል ወረንጦና የሰዓት ወረንጦ ያው አንድ ነው... አጥቤ ነው ታዲያ።

ደስ ይለኛል። ለምን እደብቃለሁ? የማወራው ከራሴ ጋር።

ጥቅምት 15

እትዬ ይርጋነሽ ከሞጣ ተመለሰች። ጎረቤቴ ናት፤ ቅቤና ማር ከዚያ እያመጣች እዚህ ትሸጣለች። የመቀነቷን ቋጠሮ ፈትታ አንድ ነገር እጄ ላይ አኖረች። የአባባ ሰዓት!

የእናቴ ሰዓት ብል ይሻላል። እማማ ወለተ ሐና፣ ነፍሷን ይማርና፣ የአንገት ድሪዋን ሸጣ የገዛችላቸው ነው። "ጉባኤ ዘርግቶ ሰዓት የሌለው መምህር ተማሪውን በረሃብ ይገድላል" ትል ነበር። እውነቷን ነው፤ አባባ ቅኔ ማስተማር ከጀመሩ ፀሐይ መጥለቋ አይታወቃቸውም።

ወድቆ ነው። መሙያው ተሰብሯል። የሚጠመዘዘው ጉጥ ከግማሽ ዘንጉ ጋር ለብቻው በጨርቅ ተቋጥሮ መጥቷል። መስተዋቱም የለም። መልእክቱ በቃል ነው፤ እትዬ እንዳትረሳው መንገዱን ሙሉ ስትደግመው መጣች። "ሰዓቴን አድኝልኝ። መስተዋቱ ግን ይቅር።"

ምን ማለታቸው ነው?

እትዬን ብጠይቃት "መስተዋቱ ይቅር ማለት መስተዋቱ ይቅር ማለት ነው" አለችኝ። እሷ የቅኔ ቤት ልጅ አይደለች፤ ምን ታድርግ። አባባ እኮ መሪጌታ አካለ ወልድ ናቸው። ጨው አቀብይኝ ሲሉ እንኳ ሁለት ነገር ነው የሚሉት። ልጅ ሆኜ "በሩን ዝጊው" ብለውኝ በሩንም አፌንም ዘጋሁ... ሁለቱንም ማለታቸው ነበር!

መጽሐፉ ዛሬ በመስተዋት እናያለን፣ ያኔ ግን ፊት ለፊት ይላል። እና መስተዋት ሲነሣ ምን ይቀራል? ፊት ለፊት መተያየት። ከማን ጋር? ... ከፈጣሪ ጋር ነዋ።

አይ አባባ። ሊሞቱ ነው የሚነግሩኝ? ሰባ አልፏቸዋል። እማማ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ቢቸና ይምጡና አብረን እንኑር ብዬ ስንት ለመንኩ። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "እናያለን"።

ጥቅምት 16

ሰዓቱን በደንብ አየሁት። ፊቱ በጣት ቅባት ተለውሷል። የደቂቃዋ ቆጣሪ ጠመም ብላለች። ሕፃን ተጫውቶበት ነው? ቤታቸው ውስጥ ምን ሕፃን አለ...

የተሰበረውን ዘንግ ለማውጣት ከጀርባ በኩል ያለችውን ትንሽ ብሎን ማላላት ነው። ማላላት ብቻ። አላላኋት፤ እንቢ አለ። ጨመርኩ። ጨመርኩ... ብሎኗ ጭራሽ ወጣች። ከውስጥ ጠቅ አለ። ዘንጉን ነክሳ የምትይዘው ምላስ በወዲያ በኩል ወደቀች። አሁን ቆጣሪዎቹንና ፊቱን ካላወጣሁ ወደ ቦታዋ አትመለስም። ፊቱን ሳነሣ ደግሞ ስፕሪንጓ ተስፈንጥራ በረረች። የት? እንጃ። ወለሉን በእጄ ዳበስኩት፤ የለችም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። ተረቱ ስለ እህል ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ጥቅምት 17

ተገኘች! የነጠላዬ ጥለት ላይ ተሰክታ። እሷን ለብሼ ነው ሥራ የዋልኩት።

ጥቅምት 20

ዘንግ ከየት ይምጣ? የስፌት መርፌ ሞረድኩ። መርፌ ግን ዘንግ አይሆንም። የሰዓት ዘንግ አንዱ ጫፉ አራት ማዕዘን ነው፣ ወገቡ ላይ ምላሷ የምትነክሰው አንገት አለው፣ በሌላው ጫፍ ጉጡ የሚጠመዘዝበት ጥርስ። መርፌው አንገት ሳወጣለት ቀጭ አለ።

የሚያዋጣው ዓይነቱ አንድ ከሆነ ሌላ ሰዓት ዘንግ መውሰድ ነው። ማን አለው? ... ታዘበው!

የካርድ ክፍላችን ታዘበው። የአባባን የመሰለ ሰዓት አለው፤ ከቆመ ዘመን የለውም። አውልቆት ግን አያውቅም። ሰው ሰዓት ሲጠይቀው ክንዱን ገለጥ አድርጎ፣ በመስኮት ፀሐይዋን ሰረቅ አድርጎ ያይና "ምሳ ሊደርስ ነው" ይላል። ይሳሳታል ማለት አልችልም።

ጥቅምት 22

ለታዘበው ነገርኩት። አሰበ፣ አሰበ... "ዘንጉ ከውስጥ ነው? ከውጭ አይታይም?" አለ። አይታይም አልኩት። "እንግዲያ ውሰጂው፤ ጉጡን ብቻ መልሰሽ አጣብቂልኝ።"

ዘንጉን አወጣሁ፣ ጉጡን በሙጫ አጣበቅኩለት። አሰረው። ያው ነው። በዘንግም ያለ ዘንግም እኩል ነው የሚሠራው።

በዚህ ሰው መሳቅ እወዳለሁ።

ጥቅምት 25

የታዘበው ዘንግ ረዘመ። ጉጡን ስገጥምበት ከሰዓቱ ጎን ራቅ ብሎ ቆመ። ማሳጠር ሊኖርብኝ ነው።

አምፑል መክፈቻዋን ሞረድ ወሰድኩ፤ የመርፌ መድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ የምትመጣውን። ትንሽ ሞረድ፣ ማግባት፣ ማየት። ትንሽ ሞረድ፣ ማግባት፣ ማየት... ካጠረ በኋላ ማስረዘም የለም። እጄን ላብ አጠመቀው። ሰው ስሰፋ እንኳ እንዲህ አያልበኝም።

እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር ላይ ሳጎነብስ ትልቁን አላስብም። ቀና ስል ግን ይመጣል። መስተዋቱ ይቅር። መስተዋቱ ይቅር... አባባ፣ ምን አለ እንደ ሰው ቢናገሩ?

ጥቅምት 26

ገባ። ልክ ገባ! ጉጡ ከጎኑ ጋር ገጠመ። ቀስ ብዬ ሞላሁት፤ ክርር ክርር አለ። ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ይሄዳል።

አለቀስኩ። እማማ እንዲህ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ፈገግ ስትል ትዝ አለችኝ።

አሁን መስተዋቱ። ይቅር ብለዋል፤ እኔ ግን አላስቀረውም። አንደኛ አቧራ ይገባዋል። ሁለተኛ... ሁለተኛውን መጻፍ ያሳፍራል። መስተዋት ካለው ፊት ለፊት መተያየቱ ገና ነው፣ አይደል? የተማረች ሴት ነኝ እኮ። ቢሆንም።

ታዘበውን ጠየቅኩት። "እሱማ ይታያል፣ ሲስተር" አለኝ። እውነቱን ነው።

ኅዳር 1

ዛሬ ታዘበው ቁስል ማጠቢያ ክፍሌ መጣ። ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። ስለ አባባ ከእትዬ ይርጋነሽ ሰምቷል፤ ለዚች ሴት ምስጢር አይነገርም። "አባትሽ ናቸው፤ መስተዋቱን ውሰጂ" ብሎ ሄደ። ሰዓቱ የነበረበት ቦታ ክንዱ ላይ ነጥቶ ታየኝ። ቀኑን ሙሉ በሌላው እጁ ሲሸፍነው ዋለ።

ኅዳር 4

ሰዓቱ ከእትዬ ይርጋነሽ ጋር ሄደ። መልእክቴ፦ "መስተዋቱንም አድርጌዋለሁ። ይቅር አይበሉ።"

እኔም ቅኔ መቻሌ ነው።

ኅዳር 18

እትዬ ተመለሰች። አባባ ሰዓቱን ጆሯቸው ላይ አድርገው መርቀውኛል፤ ምርቃቱን ግማሽ ረስታዋለች። ከዚያ ግን መስተዋቱን በቢላ ጫፍ ፈንቅለው አወጡት። እሷ እያየች! "ይቅር ብዬ ነበር በያት" አሉ።



ኃላፊያችንን ፈቃድ ጠየቅኩ። ለምን አለኝ። አባቴ ሊሞቱ ነው አልኩት። ታመው ነው? አይ፣ አልታመሙም። ታዲያ? ተናግረው ነው አልኩ። የሞጣ ሰው፣ የቅኔ ቤት ልጅ መሆኔን አስታውሶ መሰለኝ፣ ፈረመ።

ኅዳር 20፣ ሞጣ

አውቶቡሱ ደብረ ወርቅ ላይ ጎማ ፈነዳበት። አቧራ በልቼ፣ እያለቀስኩ፣ እየጸለይኩ ደረስኩ። ስገባ አልጋ ላይ የማገኛቸው መስሎኝ ነበር።

ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ወደ እኔ ነው። በደህና ሳያቸው ፊታቸው ቆሜ ቀረሁ። እሳቸውም አዩኝ። አዩኝ እላለሁ...

"ማነው?" አሉ።

ከጋቢያቸው ሥር ሰዓቱን አወጡ። ጉጡን በአውራ ጣት ዳሰሱ፣ ከዚያ በሌባ ጣት ቆጣሪዎቹን ዳበሱ፤ እንደ ላባ ነው የነኳቸው። "ስምንት ሰዓት አልፏል። አውቶቡስ ገብቷል ማለት ነው። ሰብለ ወንጌል ነሽ?"

ያኔ ሁሉም ገባኝ። የጣቱ ቅባት። የጠመመችው ቆጣሪ። ጉጡ ያለው በሦስት ቁጥሩ በኩል ነው፤ ከእሱ ተነሥተው ነው የሚቆጥሩት። መሙያው ሲሰበር መቁጠሪያቸውም አብሮ ተሰበረ። እኔ ደግሞ በላዩ መስተዋት ከደንኩበት!

እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። ለምን አልነገሩኝም አልኩ።

"ነገርሁሽ እንጂ። መስተዋቱ ይቅር አልሁሽ።"

"እኔ እኮ ሌላ ነገር መስሎኝ ነው፣ አባባ።"

"ምን መሰለሽ?"

ነገርኳቸው። ፊት ለፊት መተያየቱን፣ ሞቱን፣ ሁሉንም። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ሲስቁ ነው።

"ሰም ብቻ ነበር የላክሁልሽ፣ ልጄ። ወርቁን ከየት አመጣሽው?"

እኔም ሳቅኩ። ደግሞ አለቀስኩ። ዕንባዬን በጋቢያቸው ጠረግኩ፤ እንደ ድሮዬ።

ኅዳር 22፣ ሞጣ

በባትሪ ዓይናቸውን አየሁ። ግራው ጨርሷል። ቀኙ ብርሃንና ጥላ ይለያል፣ በቃ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አይናገሩም። ተማሪዎቻቸው ያውቃሉ፤ ቅኔ እንደሆነ በዓይን አይቆጠርም። ከእኔ ብቻ ነው የደበቁት። እኔ ካወቅኩ ቢቸና እንደምወስዳቸው ያውቃሉ...

ወደ ጊዮርጊስ ሲሄዱ ተከተልኳቸው። ማንም አልመራቸውም። በትራቸው መሬት ነካ ነካ ያደርጋል፤ ትልቁ ድንጋይ ጋ ወደ ቀኝ፣ ወይራው ጋ ዝቅ፣ የቅጽሩ በር ላይ ሳይዳብሱ ተሳለሙ።

ማታ ልለምን ጀመርኩ። ቢቸና እንሂድ፣ እኔ እይዝዎታለሁ፣ እኔ እመራዎታለሁ።

"መሪጌታ ብለው የሾሙኝን ሰው አንቺ ተመሪ ጌታ ልታደርጊኝ?" አሉ። ቀለዱ አልኩ። ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። "እዚህ እግሬ ያያል፣ ልጄ። ቢቸና የሄድሁ ዕለት ነው ዕውር የምሆነው።"

ማርቆስ ድረስ ለሐኪም እንኳ ልውሰድዎት አልኩ። "አንድ ጊዜ" አሉ። "ለአንቺ ስል።"

ስወጣ መስተዋቱን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። ለባለቤቱ መልሺ፣ ምስጋናዬንም ንገሪው ብለዋል።

ኅዳር 26፣ ቢቸና

ታዘበው መስተዋቱን ሲያገኝ ደስታው! ገጠምኩለት፣ አሰረው፣ እጅጌውን ሰበሰበ። ከዚያ ድንገት አባባ እንዴት ናቸው አለኝ። ነገርኩት። እጅጌውን መልሶ ዝቅ አደረገው።

ጥር 19

ከማርቆስ ተመለስን። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፤ ረጅም ጊዜ ወስዶ አያቸው። የሄደው አይመለስም። የቀረውም ብዙ አይቆይም።

አባባ እጁን ይዘው መረቁት። በመንገድ እኔ ነኝ ያለቀስኩት፣ እሳቸው ናቸው ያጽናኑኝ። ሉማሜ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም የገበያውን ጫጫታ ሰምተው "ለታዘበው ብርቱካን ግዥለት፤ መስተዋት የሰጠ ሰው ነው" አሉኝ።

ዛሬ እኔ ቤት ያድራሉ።

ጥር 20

ነገ ነው አውቶቡሱ። ዛሬ ቤቴ ዋሉ።

ከሥራ ስመለስ ጠዋት ባስቀመጥኳቸው ወንበር ላይ ናቸው። አልተነሡም። ውሃው ክንዳቸው አጠገብ ነበር፤ አላገኙትም፣ ጎረቤትም አልጠሩም። ሲነሡ የበሩ መቃን ግንባራቸውን መታቸው። "ይቅርታ" አሉ፤ ሰው መስሏቸው። ለመቃኑ!

ያ በሞጣ መንገድ ላይ በትራቸውን እያወዛወዙ የሚሄዱት አባባ የት ሄዱ? አንድ ቀን በማይሞላ ጊዜ የእኔ ቤት ዕውር አደረጋቸው። የነገሩኝ ቃል በቃል ነው። እንደገና ሰም ነበር... እኔ ግን የዛሬን ያህል አልሰማሁትም።

የካቲት 3

ዝውውር ጠየቅኩ። ወደ ሞጣ።

ኃላፊያችን ወረቀቱን አገላብጦ አየ። ሰው ባሕር ዳር ይላል፣ አዲስ አበባ ይላል፤ ከቢቸና ወደ ሞጣ ምን የሚሉት ዝውውር ነው አለኝ። አባቴ መንቀሳቀስ አይችሉም አልኩት። ሲንቀሳቀሱ አይቻቸዋለሁ፣ ባለፈው ስትሸኚያቸው ጤና ጣቢያው በር ላይ አለኝ። ቢቸና ላይ ነው የማይንቀሳቀሱት አልኩ። አልገባውም። ተቀበለኝ ግን።

ጠረጴዛዬን ሳይ ከፋኝ። ይቺን ክፍል እወዳታለሁ። ይሄን ከተማ እወደዋለሁ። ሰዓታቸውን ይዘው የሚመጡትን ሁሉ...

ሰኔ 24

ደብዳቤው መጣ። ከሐምሌ ጀምሮ ሞጣ።

እትዬ ይርጋነሽ "ቅቤውን ከዚያ አመጣለሁ፣ አንቺን ወደዚያ እወስዳለሁ፤ ንግዱ ከሰረ" ብላ አለቀሰች። መንገዷ ስለሆነ እሷን አላጣትም።

ታዘበው ሲሰማ እጅጌውን ሰበሰበ። ከዚያ፦

"ሰዓቴን ታዲያ ማን ይሠራልኛል?"

"ሰዓትህ አይሠራም እኮ፣ ታዘበው።"

"እሱማ ነው... አሁን ማሠራት አስቤ ነበር።"

ሞጣ ድረስ ይዘኸው ና አልኩት። እሺ አለ። ይመጣ ይሆን? እንዲመጣ እፈልጋለሁ። ጻፍኩት እንግዲህ።

ነሐሴ 4፣ ሞጣ

ከመጣሁ ወር ሊሆነኝ ነው። አባባ መምጣቴን ተቃውመው አንድ ሳምንት አኮረፉኝ። "እኔን ልትጠብቂ ነው የመጣሽ" አሉ። ሥራ ነው የመጣሁት አልኩ። ሁለታችንም ውሸቴን አወቅነው፤ ኩርፊያው አለቀ።

ጠዋት ጠዋት ለፍልሰታ ወደ ጊዮርጊስ ይሄዳሉ። እኔ ራቅ ብዬ እከተላለሁ። ያውቃሉ፤ አይናገሩም። እኔም አልጠጋም። እንዲህ ተስማምተን ነበር፣ ሳንነጋገር።

ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ቀበሌው ከተማውን ያሳምራል፤ አጥር ይቀባል፣ ቦይ ይቆፈራል። ትናንት ከሰዓት መንገዳችን ላይ ደረሱ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ አላየሁም፣ አልነገርኳቸውም። ዛሬ ጠዋት ስንሄድ ትልቁ ድንጋይ የለም። በቦታው ቦይ፣ ጭቃና ውሃ።

በትራቸው ባዶውን ነካ። ቆሙ። ወደ ግራ ሞከሩ፣ ጭቃ ነው። ወደ ቀኝ ሞከሩ፣ የአፈር ክምር። ዝናቡ ያካፋል። ሮጬ ልይዛቸው እግሬ ተነሣ... ተውኩት። ስንት ጊዜ ነግረውኛል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ልስማቸው አልኩ። ከዚያ በላይ ባይንቀሳቀሱ፣ አንድ እርምጃ ባይጨምሩ ብዬ ጊዮርጊስን ለመንኩ።

ብዙ ቆሙ። ጋቢያቸው ላይ፣ ጥምጥማቸው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ከዚያ በትሩን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። ቀኝ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ። ስሜን አልጠሩም፣ ዞረውም አላዩ። እጁን ብቻ ዘረጉት።

ሄጄ ያዝኩት። ቀዝቅዟል። የአፈሩን ክምር ዞርን፣ ቦዩ ላይ የተጋደመውን ሳንቃ ተሻገርን። ወይራው ጋ ስንደርስ መንገዱ የሚያውቁት ነው፤ ከዚያ ወዲያ እግራቸው ያያል። ይለቁኛል ብዬ ጣቶቼን አላላሁ።

አልለቀቁኝም።